ማንን እናጠንክር? የልጅ ልጄ የስልክ ጨዋታና የላስታ ገበሬ ስሌት

ክረምት ሲገባ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከባሕር ዳር ልጆች ወደ አያቶቻቸው ይመጣሉ። ድሮ ልብስና ደብተር ይዘው ነበር የሚመጡት፤ አሁን ስልክም አብሮ ይመጣል። ልጁ ጥግ ይዞ ያቀረቅራል፤ እኛ ከበላዩ ቆመን «ኧረ ዓይንህን!» እንላለን። እሱም «እሺ» ይላል፤ ግን አይተወውም። እንዲህ ስንባባል መስከረም ይጠባል፣ ልጁም ይመለሳል፤ ምን ሲያደርግ እንደከረመ ሳናውቅ።

እኔ ላሊበላ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ዘንድሮ የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከመቆጣቴ በፊት ልጠይቀው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እስኪ ምኑን ነው እንዲህ የምታስብበት?» አልኩት። «አባባ፣ ማንን ላጠንክር ብዬ ጨንቆኝ ነው» አለኝ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። የላስታ ገበሬ መኖ ባነሰ ቁጥር የሚጠይቀው ነው። ጭዱ ለሁሉም አይበቃም፤ የትኛው ከብት ይብላ? የትኛው ይሸጥ? የልጁን ጥያቄ በአባቴ ጥያቄ አጠገብ ሳስቀምጠው ስለ ጨዋታው ማወቅ ፈለግኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ልጁ ያስረዳኝን፣ እኔም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ያሰላሁትን ነው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የሚጫወት ልጅ ካለ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ስሙ ፖኪሞን ጎ ይባላል። ፖኪሞን የሚባሉት ምናባዊ ፍጡራን ከጃፓን የመጡ ናቸው፤ መጀመሪያ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1996 በኒንቴንዶ የእጅ መጫወቻ ላይ ነው። በስልክ የሚጫወቱትን ፖኪሞን ጎን ያወጣው ደግሞ ኒያንቲክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ጁላይ 2016 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ስኮፕሊ የተባለ ሌላ ኩባንያ ገዝቶታል።

ጨዋታው የስልኩን ጂፒኤስ ይጠቀማል። ልጁ በእውነተኛው ዓለም ሲራመድ በስልኩ ካርታ ላይም ይራመዳል፤ በመንገዱ የሚያገኛቸውን ፍጡራን ይይዛል። ፍጡራኑ በ18 ባሕርያት ይመደባሉ፤ እሳት፣ ውኃ፣ ሣር፣ በረዶ፣ ድንጋይ፣ ዘንዶ፣ በራሪ እያሉ ይቀጥላሉ። እያንዳንዱ ባሕርይ የሚበረታበትም የሚደክምበትም አለው። ውኃ እሳትን ያጠፋል፤ ሣር ውኃን ይጠጣል፤ እሳት ሣርን ያቃጥላል። ይህን የአራት ዓመት ሕፃንም አይስተውም።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ «ሬይድ» የሚሉት ውጊያ ተጨመረ። አንድ ግዙፍ ፍጡር ይመጣል፤ ልጆቹ «ቦስ» ይሉታል፤ እኛ አለቃ እንበለው። ይህን አለቃ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እስከ 20 ተጫዋቾች ተባብረው ይገጥሙታል። እያንዳንዱ ተጫዋች ይዞ የሚገባው 6 ፍጡራንን ብቻ ነው። ለትልልቆቹ አለቆች የተሰጠው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። በ300 ሰከንድ ውስጥ ካልወደቀ ተሸንፈዋል።

ፍጡራንን ለማጠንከር ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ «ስታርደስት» ነው፤ የኮከብ ብናኝ ማለት ነው። ሌላው ከረሜላ ነው። ከረሜላው የየዘሩ ነው፤ የአንዱን ዘር ከረሜላ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ብናኙ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ ለዚህም ነው ጭንቀቱ ሁሉ ብናኙ ላይ የሆነው። ለአንዱ ከሰጡት ለሌላው የለም፤ ተመልሶም አይገኝም። የእኔ ልጅ ከስድስት ወር በላይ ቆጥቦ 230,000 ያህል ብናኝ ነበረው።

የሚያምረውና የሚሠራው

የሚመጣው አለቃ ሬይኳዛ ይባላል። አረንጓዴ ነው፤ እንደ እባብ ይረዝማል፤ በሰማይ ይበራል። ባሕርዩ ሁለት ነው፤ ዘንዶም በራሪም ነው።

ልጁ እጅ ላይ ሁለት ዕጩዎች ነበሩ። አንደኛው ድራጎናይት ነው። ድራጎናይት ቀለሙ ብርቱካናማ ሲሆን የእሱ ግን አረንጓዴ ነበር። እንዲህ ቀለሙ ተለይቶ የሚወጣውን «ሻይኒ» ይሉታል፤ በጣም ብርቅ ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ያዩለታል። ሁለተኛው ማሞስዋይን ነው፤ ፀጉራም፣ ቡናማ፣ ጥርሱ ወደ ፊት የወጣ፣ ከርከሮና ዝሆን የተዳቀሉበት የሚመስል። ሦስት ነበሩት፤ አንዳቸውም ለወሬ አይበቁም።

«ሻይኒ መሆኑ ጉልበት ይጨምራል?» አልኩት።

«አይጨምርም አባባ። ቀለም ብቻ ነው።»

በጥሬ ጉልበት ድራጎናይት ከማሞስዋይን በጥቂቱ ይበልጣል። ነገር ግን ውጊያው ከሬይኳዛ ጋር ነው። ዘንዶ በዘንዶ ሲመታ የምቱ ኃይል 1.6 እጥፍ ይሆናል። በረዶ ደግሞ ዘንዶንም በራሪንም ስለሚጎዳ፣ ሁለቱም የሆነው ሬይኳዛ ላይ ሲያርፍ 1.6 በ1.6 ተባዝቶ 2.56 እጥፍ ይሆናል። ማሞስዋይን የበረዶ ነው። በዚያ ላይ ድራጎናይት ራሱ ዘንዶ ስለሆነ የሬይኳዛ የዘንዶ ምት እሱንም 1.6 እጥፍ ያቆስለዋል። ማሞስዋይንን ግን እንደማንኛውም ነው የሚመታው። በአጭሩ የሚያምረው ቶሎ ይወድቃል፤ መልከ ጥፉው ቆሞ ይዋጋል።

ይህን ስሰማ የአባቴ ሁለት በሬዎች ትዝ አሉኝ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ ሲመታ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሁለት በሬ ነበረው። ዳማው ትልቅ፣ ቀንደ ረጅም፣ ገበያ ሲወጣ ሰው ቆሞ የሚያየው ነበር። ሌላው ትንሽ ጥቁር በሬ ነው። ያለን ጭድ እስከ ክረምት ለአንዱ ብቻ የሚሆን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ዳማውን ያዝ፤ እንዲህ ያለ በሬ ደግመህ አታገኝም» አለው። አባቴ ግን ዳማውን ሥጋው ሳይረግፍ ቀድሞ ሸጠውና እህል ገዛበት። ጭዱን ለጥቁሩ ሰጠ። ምክንያቱን ሲናገር ሰምቻለሁ፤ «ዳማው የሁለት በሬ ይበላል። ጥቁሩ ትንሽ በልቶ ያርሳል፤ ከጎረቤቴም በሬ ጋር ቀንበር ለምዷል» ነበር ያለው።

ዝናቡ ሲመጣ ያ ጥቁር በሬ ከጎረቤታችን በሬ ጋር በመቀናጆ ተጠምዶ የሁለቱንም ቤት እርሻ አረሰ። ለወጣቶች ላስረዳ፤ መቀናጆ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ የሚያርሱበት ነው።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ስለዚህ ማሞስዋይን» አለ። አረንጓዴውን ድራጎናይት ግን አልጣለውም፤ አስቀምጦታል። ከብት ቢሆን ኖሮ ጭድ ይበላ ነበር፤ የጨዋታ ፍጡር ግን ለመቀመጥ ወጪ የለውም። ውበቱን ማየት ብቻ ከሆነ ነፃ ነው።

ለአንዱ ወይስ ለሦስቱ?

ዘሩ ከተመረጠ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ መጣ። ልጁ «አንዱን ማሞስዋይን እስከ ደረጃ 40 ላድርሰው» አለ። ሦስቱም ደረጃ 20 ላይ ነበሩ። እኔ ወረቀት አወጣሁ።

አንድን ፍጡር ከደረጃ 20 ወደ 30 ለማድረስ 75,000 ብናኝና 66 ከረሜላ ይፈጃል። በዚህም የማጥቃት ጉልበቱ 22 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከ30 ወደ 40 ለማድረስ ደግሞ 150,000 ብናኝና 182 ከረሜላ ይፈጃል፤ ጉልበቱ ግን የሚጨምረው 8 በመቶ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከ40 እስከ 50 የሚወስድ ተጨማሪ ደረጃ መጥቷል፤ ይህ ሌላ 250,000 ብናኝና ልዩ ትልቅ ከረሜላ ይጠይቃል፤ የሚገኘው ጭማሪ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል።

መምህር ሆናችሁ ከኖራችሁ ይህን ጥምዝ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ላይ በትንሽ ብዙ ይገኛል፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ በብዙ ትንሽ ይገኛል። ገበሬም ያውቀዋል። የከሳ በሬ ጥቂት ድርቆሽ ሲያገኝ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የደለበ በሬ ላይ ያንኑ ቢጨምሩ ለውጡ አይታይም።

ስሌቱን ልጁ ራሱ እንዲጨርሰው ወረቀቱን ሰጠሁት። አንዱን ከ20 ወደ 40 ለማድረስ 225,000 ብናኝ ያልቃል፤ ጉልበቱ በ32 በመቶ ያድጋል። ያንኑ 225,000 ለሦስት ቢከፍለው ሦስቱም ደረጃ 30 ይደርሳሉ፤ እያንዳንዳቸው 22 በመቶ ያድጋሉ። የሚገባውም ስድስት ፍጡራን ይዞ ነው። አንድ የበረታና ሁለት የደከሙ ማሞስዋይን ይዞ ከመግባት ሦስት የሚቆሙ ይሻሉታል። ከረሜላው እንኳ ያንሳል፤ ለአንዱ 248፣ ለሦስቱ 198።

ሌላም ልጆች የሚከራከሩበት ነገር አለ። እያንዳንዱ ፍጡር ሲገኝ ለማጥቃት፣ ለመከላከልና ለዕድሜ ከ0 እስከ 15 የሚደርስ የተፈጥሮ ነጥብ ይዞ ይመጣል። ሦስቱም 15 የሆኑለትን «ፍጹም» ይሉታል፤ እሱን ፍለጋ ወራት የሚያባክኑ አሉ። ብዙ ጊዜ በማጥቃት ነጥብ 0 የሆነውና 15 የሆነው የሚለያዩት በ6 በመቶ ገደማ ነው። ለውጊያው የሚስማማ ባሕርይ መምረጥ ግን የ60 በመቶ ልዩነት ያመጣል፤ እንደ ሬይኳዛ ባለው ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ዘሩ «ፍጹም» የሆነ ግን ለሥራው የማይሆን ፍጡር፣ መካከለኛ ሆኖ ለሥራው በሚስማማው ይበለጣል።

የ90 ቀን ወዳጅነት

ከሁሉም የገረመኝን ላስከትል። የልጄ ልጅ የሆነች የ14 ዓመት ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ አለች። እዚያው ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገር ግን ያስቸግራታል። ላለፉት ዓመታት በስልክ የምንለዋወጠው «ሰላም አባባ»፣ «ደህና ነሽ ወይ»፣ «ቻው» ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ለብዙ ወራት መልኳንም አላየንም።

ይህች ልጅና የአዲስ አበባው የአጎቷ ልጅ ይህን ጨዋታ አብረው እንደሚጫወቱ አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወዳጅ ከሩቅ ሆኖ በግብዣ ወደ ሬይድ መግባት ይችላል። እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በክረምት ሜሪላንድ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እሷ ከቤቷ ወጥታ አለቃው ካለበት ቦታ ትቆማለች፤ እሱ ላሊበላ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ይገባል።

ጨዋታው ለወዳጅነትም ነጥብ ይሰጣል። ሁለት ተጫዋቾች በየቀኑ አንድ ነገር ቢያደርጉ፣ ለምሳሌ አንዱ የላከውን ስጦታ ሌላው ቢከፍት፣ ያ ቀን ይቆጠርላቸዋል። 90 ቀን ሲሞላ ከፍ ያለ የወዳጅነት ደረጃ ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ አብረው ሲዋጉ የማጥቃት ኃይላቸው በ10 በመቶ ያድጋል። ልጆቹ ከግንቦት ጀምረው በየቀኑ ሲላላኩ ቆይተው ነሐሴ ላይ ሞልቶላቸዋል።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አንድን ፍጡር ከ30 ወደ 40 ለማሳደግ 150,000 ብናኝ ወጥቶ የሚገኘው 8 በመቶ ነው። ሁለት የአጎትና የአጎት ልጆች 90 ቀን ሳይረሳሱ ሲቀሩ 10 በመቶ ያገኛሉ፤ ለያዟቸው ስድስት ፍጡራን በሙሉ። ብናኝ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየቀኑ ማስታወስን ነው።

በዚያ ምሽት አምስት ሆነው ገቡ፤ ልጄ፣ እሱ ደግሞ የልጅነት ነገር ሆኖበት ይመስለኛል ከሥራ ወጥቶ አብሯት ቆሟል፣ ሁለት የሰፈሯ ልጆች፣ እሷና የእኔው እንግዳ። ሬይኳዛ ጊዜው ሳያልቅ ወደቀ። ልጁ «አለቀለት!» ብሎ ሲዘል ያደረው ምጣድ ሊገለበጥ ነበር። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ልጅቷ በራሷ አማርኛ፣ «አባባ፣ ማሞስዋይን በአማርኛ ምንድነው?» አለችኝ። «ከርከሮ በይው» አልኳት። «ከር-ከ-ሮ» አለች። ቀጥላ ስለ አባቴ በሬ ጠየቀችኝ፤ ልጁ ነግሯት ነበር። ቀንበር ምን እንደሆነ፣ መቀናጆ ምን እንደሆነ አስረዳኋት። ከ20 ደቂቃ በላይ አወራን። ከ«ደህና ነሽ ወይ» አልፈን ስናወራ የመጀመሪያችን ነው።

ስሌቱ ወደ ቤት ሲገባ

ስለ ሦስቱ ማሞስዋይን ያሰላነውን በማግስቱ ለታላቅ እህቴ በቡና ላይ አጫወትኳት። እዚሁ ላሊበላ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ገብስና ባቄላ ትሸጣለች። የብሩን ሒሳብ ከእኔ ቀድማ በጭንቅላቷ ትጨርሳለች። ማንበብ ግን አትችልም።

አባታችን ከልጆቹ መካከል አንድ ሰው ለትምህርት መረጠ፤ እኔን። ትምህርት ቤቱ ክፍያ ባይጠይቅም ልብስ፣ ደብተር፣ ስንቅ ይጠይቃል፤ ከብት የሚጠብቅ እጅም ይጎድላል። ለአንዱ ልጅ እስከ መጨረሻው ሊከፍል ወሰነ። እሷ ከብት ጠበቀች፣ ውኃ ቀዳች፣ የእኔን ስንቅ ቋጠረች። ያን ዘመን በላስታ እንዲህ ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው፤ አባቴን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው።

እህቴ ወሬውን ሰምታ ሲኒውን አስቀመጠችና እንዲህ አለች፤ «አንተ መምህራን ማሠልጠኛ በገባህ ጊዜ ደብዳቤ ትልክ ነበር። የሚያነብልኝ ፍለጋ ቤት ለቤት እዞር ነበር። እኔን እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ቢያስተምረኝ ኖሮ የወንድሜን ደብዳቤ ራሴ አነበው ነበር። ከዚያ በላይስ ምን አደርገዋለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ከ20 ወደ 30 ያለው ጉዞ ብዙ እንደሚሰጥ፣ ጫፉ ላይ ያለው ግን ጥቂት እንደሚጨምር ያሰላሁት እኔ ነኝ። የእሷ አራት ዓመት የሚፈጀው ከእኔ ትምህርት ጥቂቱን ነበር። የሚሰጣት ደግሞ ሙሉ ዕድሜዋን የሚያገለግል ነበር።

ዛሬም ይህ ምርጫ በየቤታችን አለ፤ መልኩን ቀይሮ። «ይሄኛው ጎበዝ ነው» ብለን የግል ትምህርት ቤቱን፣ አስጠኚውን፣ ስልኩን፣ ጊዜያችንን ሁሉ ወደ አንዱ እናፈሳለን። ሁለተኛዋ ልጅ «ለእሷ ይህ ይበቃታል» ትባላለች። እኛ አያቶችም እንሳተፋለን፤ የልጅ ልጆቻችንን አሰልፈን እናወዳድራለን። ውጭ ያሉትን ከዚህ ካሉት፣ የከተማውን ከገጠሩ። ልጆች ከብትም የጨዋታ ፍጡርም አይደሉም፤ ወጪያቸው ተሰልቶ የሚተው ልጅ የለም። ግን አስልቶ መወሰን ግድ በሆነበት ቤት እንኳ፣ ስሌቱ ራሱ የሚለው ሁሉም መጀመሪያ በእግሩ ይቁም ነው።

ከልጁ ጋር ለመነጋገር

ቤታችሁ ውስጥ ይህን ወይም ይህን የመሰለ ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ካለ፣ እኔ ከልጅ ልጄ ጋር የተስማማንባቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከመቆጣት በፊት ጠይቁ። «ማንን ነው የምታጠነክረው? ለምን እሱን?» በሉት። ምክንያቱን ማስረዳት የቻለ ልጅ እያሰበ ነው የሚጫወተው። ማስረዳት ካልቻለም ጥያቄው ራሱ ያሳስበዋል። ክፍልፋይና መቶኛ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መልመጃ በክፍል ውስጥ አላገኘሁም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ዕወቁ። ጨዋታው በነፃ ይጀመራል፤ ነገር ግን በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ የጨዋታ ሳንቲም አለው። ከሩቅ ሆኖ ለመግባት የሚያስፈልገው ትኬት እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ድረስ 100 ሳንቲም ነበር፤ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 195 ሆነ። ልጁ በጨዋታው ውስጥ ሠርቶ በቀን እስከ 50 ሳንቲም በነፃ ማግኘት ይችላል። የእኛ ስምምነት ቀላል ነው፤ ትኬቱን በሠራው ሳንቲም ይገዛል፤ አራት ቀን ይጠብቃል። የክፍያ ካርድና የይለፍ ቃል በልጁ ስልክ ላይ አይቀመጥም።

ሦስተኛ፣ እግሩ የት እንዳለ ይይ። የእኛ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው። በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያለው ጉድጓድ ከ10 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ስልክ እያየ የሚራመድ ልጅ ለአፍታም እዚያ መገኘት የለበትም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ውስጥ ስልኩ ከኪስ አይወጣም፤ ለደኅንነቱም ለክብሩም። አዲስ አበባ ላሉት ደግሞ መኪና አለ። ከመሸ በኋላ ፍጡር ፍለጋ መውጣት የለም።

አራተኛ፣ አብራችሁ ተራመዱ። አንድ ፍጡር «ጓደኛ» ተብሎ ሲመረጥ ልጁ በሄደው ኪሎ ሜትር ልክ ከረሜላ ይሰጣል፤ ለማሞስዋይን ዘር 3 ኪሎ ሜትር አንድ ከረሜላ ነው። እኛ ሁለት ጊዜ ወደ ናኩቶ ለአብ በእግር ሄደናል። ደርሶ መልሱ አራት ከረሜላ አስገኘ። በመንገድ ላይ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ኪሎ ሜትሩ ይቆጠራልና። እኔም ስለ ንጉሡ፣ ስለ ገብሱ፣ ከማዶ ስለሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በላዩ ስለሚኖሩት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማውራት ጊዜ አገኘሁ።

አምስተኛ፣ ወዳጆቹን ዕወቁ። በጨዋታው ወዳጅ የሚሆኑት በአካል የሚያውቃቸው ወይም እናንተ የምታውቋቸው ይሁኑ። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጨዋታው ራሱ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዕድሜ ዋሽቶ መግባት አይፈቀድለት።

ስድስተኛ፣ መጨረሻውን ቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ውጊያ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። «ይህ ውጊያ ሲያልቅ ይዘጋል» ማለት «አሁኑኑ ዝጋ» ከማለት ይሻላል፤ ከአራት ሰዎች ጋር ተጠምዶ እያለ ቀንበሩን ጥሎ እንዲሄድ አታስገድዱት። ውጊያው ሲያልቅ ግን ቃሉን ይጠብቅ።

ልጁ መስከረም ከመጥባቱ በፊት ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ብናኙ አልቋል፤ እንደገና መቆጠብ ጀምሯል። የሜሪላንዷ ልጅ በየእሑዱ ትደውላለች። እህቴ ደግሞ በጎረቤታችን ልጅ እየታገዘች ፊደል መቁጠር ጀምራለች፤ እስካሁን «ለ» ላይ ደርሳለች፤ «ሐ» ደግሞ ከ«ሀ» በምን እንደሚለይ እየጠየቀች ታስቸግረናለች።